ከጓዙ አንዱ

የጭልፊት ብሔራዊ አየር መንገድ ወንበር ከመቆሸሹ የተነሳ ልብስ ላይ ይጣበቃል፤ ከፊት ባለው ኪስ ሰው ያስመለሰበት ከረጢት ተወሽቋል። ሽማግሌው አፍንጫቸውን ይዘው ተቀመጡ። የባለቤታቸው አስከሬን ከታች ከጓዙ ጋር ተጭኗል፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ ግን አልነሳ አለ።

«በጭልፊት ለቀብር የሚደርሰው ሟቹ ብቻ ነው፣ አባባ» አለ አጠገባቸው የተቀመጠው ጎልማሳ፣ ለቀብር እንደሚቸኩሉ ሲነግሩት።

ሽማግሌው አስተናጋጇን ጠሩ። «ምን ይጠበቃል፣ ልጄ?»

«የአንድ ባለሥልጣን ሶፋ ተጭኖ ክብደት በዛ፣ አባባ።»

«ታዲያ ከጓዙ አንዱን አውርዱና እንሂድ። ቀብር አለብኝ እኮ።»

ልጅቷ ለአለቃዋ ነግራ ፈገግ ብላ ተመለሰች። «እንዳሉት ተደርጓል።»

ሽማግሌው መረቋት። አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ሜዳው ላይ የባለቤታቸው ሣጥን ብቻውን ፀሐይ ይመታዋል።