ጨው የሌላት ምስር

በዚያ ዘመን ላፕቶፕ የሚሠራው፣ ክፍት እስከሆነ ድረስ፣ ከባለቤቱ ምላስ ጣዕም እየወሰደ ነበር። ፕሮሰሰሩ በፈጠነ ቁጥር የሚወስደው ይበዛል። ስለዚህ ገዢ ሁሉ ሁለት ላፕቶፕ ቤቱ ወስዶ ገበታ ላይ ያወዳድር ነበር።

ገዛኸኝ መጀመሪያ ዘገምተኛውን ከፈተ። የሕንፃ ንድፉ እስኪያልቅ ሚስቱ ትርሲት ምሳ አቀረበች። አንዴ እንደጎረሰ፣ «ይቺ ምስር ጨው በዝቶባታል» አለ። ትርሲት አልገረማትም፤ ከተጋቡ ጀምሮ ያልተነጫነጨበት ወጥ የለም።

በማግስቱ ፈጣኑን ከፈተ። ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ንድፉ አለቀለት። ላፕቶፑን ሳይከድን ምሳውንም ዝም ብሎ በላ፤ ሲያልቅበት አስጨመረ።

«የምንገዛው ይሄን ነው» አለች ትርሲት።

«እኔም እሱን ነው ያሰብኩት። እጅሽ ይባረክ፣ የዛሬዋ ምስር ምንም አይወጣላትም።»

ልቧ ቅቤ ጠጣ። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። ደስ እያላት ከትሪው ጥግ የቀረውን ጠቅልላ ጎረሰች።

ለካ ጨው ጭራሽ አልጨመረችበትም።

ማኘኳን አቁማ ባሏን አየችው። ከዚያ ላፕቶፑን ከድና ወደ ካርቶኑ መለሰችው።

«ምነው ትርሲት?»

«ዘገምተኛውን ክፈት» አለችው። «እራቱን እስክትነጫነጭ ጨው አበዛበታለሁ።»