ጨው በዝቶበታል

ውጭ አገር ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ሚስቴን ልወስድ ብመጣ የኤምባሲው ፈረንጅ "እንዲህ የሚከባበር ባልና ሚስት የለም፤ ጋብቻችሁ የውሸት ነው" ብሎ መለሰን። የቀረን አንድ ቀጠሮ ብቻ ነበር።

ሳምንት ሙሉ በወጥ ጨው መጣላት ተለማመድን።

በቀጠሯችን ቀን ፈረንጁ ፊት "ጨው በዝቶበታል!" ከማለቴ ጫማዋ ግንባሬን ፈለጠው። ወንበሩም ተከተለ። ሁለት ጥርሶቼ በረው ማህተሙ ላይ አረፉ። ሊገላግሉን ከገቡት አራት ዘበኞች ሦስቱ በቃሬዛ ወጡ።

"አንተ ውሻ! እዚያ አብራህ የምትኖረው ሶስና ማናት?" እያለች ፀጉሬን ነጨችው።

አማርኛ የማይሰማው ፈረንጅ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ ብሎ በእንግሊዝኛ "አሁን ገና ባልና ሚስት ሆናችሁ!" አለና ማህተሙን ከነጥርሴ ቪዛዋ ላይ መታው።

ልምምዳችን ውስጥ ሶስና የምትባል አልነበረችም።