ከሽፋኑ በታች

ዋና ሐኪሙ በጉሮሮ በሚገባ ቱቦ ጫፍ ባለችው መቆንጠጫቸው ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጨጓራ ሲቆነጥሩ ኖረዋል። ሠራተኛው ከኋላቸው «ጋሽ መቆንጠጫ» ይላቸዋል፤ ቢሰሙት ግን ሹመት ይመስላቸው ነበር።

አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ጨጓራዋ ውስጥ፣ ከሽፋኑ በታች፣ እብጠት ተገኘባት፤ ክፉ ከሆነ ቶሎ መውጣት አለበት። ሦስት ጊዜ ቆነጠሯት፤ ሦስቱንም ጊዜ የናሙና መርማሪው «ጤነኛ ሽፋን» ብሎ መለሰ።

«ሰውዬው ማይክሮስኮፑ ላይ ነው የሚተኛው» አሉ ዋና ሐኪሙ።

ወጣቷ ሐኪም አንገቷን ደፍታ፣ እብጠቱ ከሥር ስለሆነ ሽፋኑን መቆንጠር ምንጣፍ ሥር የገባን ቁልፍ ምንጣፉን እየላጩ መፈለግ ነው አለቻቸው። በአልትራሳውንድ እያዩ ከጥልቁ በመርፌ መውሰድ እንደሚሻልም ነገረቻቸው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዋና ሐኪሙ ወጣቷና መርማሪው ተመሳጥረውብኛል ብለው ወጥመድ አሰቡ፤ ከጤነኛ ሰው ጨጓራ በመርፌ ናሙና ተወስዶ፣ የልብስ ሰፊዋ ስም ተለጥፎበት ይላካል። መርማሪው መርፌ መሆኑን ሲያይ ዕጢ ነው ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ በስብሰባ ፊት ይዋረዳል።

«ልብስ ሰፊዋስ?» አለች ወጣቷ።

«ትጠብቅ።»

ረቡዕ ዕለት ዋና ሐኪሙ ቁርስ እንኳ ሳይቀምሱ በጠዋት ገቡ። መርፌውን የያዘችው ወጣቷ ሐኪም ነበረች። ከየትም ይሁን አንዴ ውጊ ተብላ ነበር፤ እሷ ግን ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ቆየችና አንድ ቦታ መርጣ ሦስት ጊዜ ወጋች። ለምን ዘገየሽ ስትባል፣ ውጤቱ ይምጣ አለች። ከሰዓት በኋላ ዋና ሐኪሙ በሻከረ ድምፅ ሠራተኛውን ሲገሥጹ ዋሉ። ሠራተኛውም ንዴት ነው ብሎ ቻለው።

ዓርብ በስብሰባው ላይ መርማሪው ውጤቱን አነበበ። ናሙናው ከጥልቅ የተወሰደ ነው፤ ክፉ ዕጢ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ሳይውል ሳያድር ይደረግ።

ዋና ሐኪሙ ብድግ አሉ። ፊታቸው በደስታ በርቶ ነበር።

«ናሙናው የልብስ ሰፊዋ አይደለም። ይህ ሰው ከጤነኛ ሆድ ዕጢ አበቀለ። ከእንግዲህ ወይ እሱ ወይ እኔ፣ አንዳችን ይህን ቤት እንለቃለን።»

መርማሪው አልተቆጣም። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ታዲያ የማን ነው፣ ዶክተር? ለባለቤቱ ቶሎ ይነገረው እንጂ።»

ዋና ሐኪሙ ወደ ጎን ዞሩ። ወጣቷን ሐኪም አዩዋት፤ አቀርቅራለች።

እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ገዛ ሆዳቸው ወረደ።