በገበሩ ውስጥ የቀረው መርፌ

አራት። ጡረተኛዋ መምህርት መርፌ የምትሰካባትን ትንሽ ትራስ ከቦርሳዋ ሳታወጣ በአውራ ጣቷ እንደገና ዳሰሰች። አሁንም አራት። አምስተኛው የለም።

በጓደኛዋ በልብስ ሰፊዋ ሱቅ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ሴቶቹ «እብዷን» ዘርግተው ይሳሳቃሉ። እብዷ የሚሏት ብርድ ልብሷን ነው፤ ለስላሳው ከፋይ ከሐር፣ የአሮጌ ክራባት ቁራጭ ከሠርግ ቀሚስ ጫፍ ጋር ተጋጥሞ፣ አንዱ ከሌላው በመልክም በቅርጽም ሳይስማማ፣ በየመጋጠሚያው አምስት ሴቶች ደስ እንዳላቸው የጠለፉባት ናት። ከቤት ቤት ትዞራለች። አንዷ ሳምንት ትሠራባትና ለቀጣይዋ ታቀብላለች። ይቺኛዋ የተሠራችው ለልብስ ሰፊዋ የልጅ ልጅ ነው። ሕፃኗ ገና ሦስት ሳምንቷ ነው።

የመጨረሻው ተራ የመምህርቷ ነበር። ነገ አስረክባለሁ ብላ ትናንት ስትሠራ ግራጫው ከፋይ ዳር ላይ ዓይኗ ደከመባት፤ ያቆመችበት ቦታ እንዳይጠፋት መርፌውን እዚያው ሰክታ ተወችው። እንዲህ ማድረግ ከጀመረች ዓመት ሊሆናት ነው። ሥራዋን የምትቀጥለው ዓይታ ሳይሆን መርፌውን በጣቷ ፈልጋ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ልብስ ሰፊዋ ሳትጠበቅ መጣች። ልጄ ከሰዓት ሕፃኗን ይዛ ሱቅ ልትመጣ ነው፣ ቶሎ ገበር ላልብሳት ብላ እብዷን ከወንበሩ ላይ አፈፍ አድርጋ እንደ ነፋስ ወጣች። መምህርቷ ወጥ ቤት ሻይ እየቀዳች ነበር። መርፌው ትዝ ያላት አሁን፣ ገበሩ ዙሪያውን በስፌት መኪና ከተሰፋ በኋላ ነው።

መርፌ ጠፋብኝ ብትል የት ይሏታል፤ የት እንደሆነ ብትናገር ለምን እዚያ ተውሽው ይሏታል። ያቺን «ለምን» ነው የፈራችው። ድሮ አብራቸው ትጠልፍ የነበረችው ነርስ እጇ መንቀጥቀጥ የጀመረ ጊዜ ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። መስኮቱ ሥር ምቹ ወንበር ሰጧት፣ ክር ታጠንጥን ብለው። ክር ስታጠነጥን ከረመች፤ ከዚያ አንዳንድ ሳምንት መቅረት አመጣች፤ ኋላ ወንበሩ ላይ ጨርቅ ይከመርበት ጀመር።

መጀመሪያ ዘዴ ፈለገች። ተጨማድዳለች፣ ወዲህ በሏት ልተኩሳት አለች። የባንክ ጸሐፊዋ እብድ ደግሞ በካውያ መቼ ይቃናል ብላ ሌሎቹን በሳቅ ጨረሰቻቸው። እንግዲያው ጠርዟን ልይ ብላ እጇን ስትዘረጋ ልብስ ሰፊዋ መዳፏን መታ አደረገቻት፤ ዕድሜሽን ሙሉ ስታርሚ ኖረሽ ዛሬ እንኳ አትምሪንም ወይ አለቻት። ሕፃኗን ታቅፋ የመጣችው ወጣት እናት ደግሞ የእርስዎ ጥልፍ የቱ ነው እትዬ ብላ ጠየቀቻት። መምህርቷ በሩቁ ወደ ጠረጴዛው ጠቆም አድርጋ አለፈችው።

እናትየው ሕፃኗን ከተጠቀለለችበት ፎጣ ፈታቻት። መምህርቷ ዓይኗን አጠበበች። ቁርጥራጮቹ ሁሉ እንደፈሰሰ ቀለም ተደባለቁባት። የሚታያት አንድ ነጭ ነገር ወደዚያ ቀለም ዝቅ ሲል ብቻ ነው። መርፌው በራስጌዋ ይሁን በግርጌዋ አታውቅም።

«አታስተኚያት» አለች። ድምፅዋ በሴቶቹ ሳቅ ተዋጠ። ሕፃኗ ተጋደመች፤ ሴቶቹ ጎንበስ ጎንበስ አሉ።

«ልጅቷን አንሺያት» አለች መምህርቷ፣ ሠላሳ ዓመት ክፍል ጸጥ ባሰኘችበት ድምፅ። «መርፌ አለባት።»

እናትየው ነገሩ ሳይገባት አያትየዋ ሕፃኗን አንስታታለች። ልብሷን ገልጣ አንገቷን፣ ጀርባዋን፣ ጭኖቿን በመዳፏ ዳበሰቻት። ምንም የለም። ሕፃኗ ግን ደንግጣ እሪ አለች። ልብስ ሰፊዋ ለእናቷ መልሳ ሰጠቻትና ወደ ጓደኛዋ ዞረች። ፊቷ ከዚያ ርቀት ለመምህርቷ ጭጋግ ነው፤ ይቆጣ ያልቅስ አይለይም።

«የቱ ጋ ነው?»

«ግራጫው ከፋይ ዳር።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብላ ፈለገች፤ ቀና አለች።

«ግራጫ ከፋይ የለም እኮ። ያለው ከፋይ አረንጓዴ ነው።»

«አይታየኝም» አለች መምህርቷ። «ዓመት ሊሆነኝ ነው። በጣቴ ነው የምሰፋው።»

ልብስ ሰፊዋ መቀስ አነሳችና ጠዋት የሰፋችውን ገበር ጠቅ ጠቅ እያደረገች ተረተረችው። ከዚያ የመምህርቷን እጅ አንጓው ላይ ይዛ በተከፈተው በኩል አስገባችላት። ጣቶቿ የራሷን ስፌት አወቁት፤ የሰንሰለት ጥልፉን ተከትለው፣ መጋጠሚያው ላይ ታጥፈው ሄዱና መርፌው ወጋት። እጇን አልሰበሰበችም። ጣቷን መርፌው ላይ ተጭና «ይኸው» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ስባ አወጣችው። ብርሃን ላይ አገላብጣ አየችውና በራሷ ትራስ ላይ ሰካችው።

«ሌላም ሊኖር ይችላል?»

መምህርቷ አይችልም ልትል ነበር። «አምስት ነበሩኝ፣ አራት አሉኝ» አለች። «ግን እኔን አትመኚኝ።»

ልብስ ሰፊዋ እብዷን ጠረጴዛው ላይ ወጥራ ዘረጋቻት። የባንክ ጸሐፊዋ ልታግዝ ስትጠጋ በእጇ መለሰቻት።

«ከዚያ ጥግ ጀምሪ» አለቻት መምህርቷን። «እኔ ከዚህ እመጣለሁ።»

መዳፋቸውን አጥብቀው እየተጫኑ፣ ስንዝር በስንዝር፣ ከሁለቱ ጥግ ወደ መሃል መጡ። ሕፃኗ በእናቷ ትከሻ ላይ አሁንም ትንሰቀሰቃለች። የመምህርቷ ጣት ባለፈበት ሁሉ ትንሽ ትንሽ ቀይ ነጥብ እየተወ ይሄዳል። እሷ አላየችውም። ልብስ ሰፊዋ አየችው፤ ግን አላስቆመቻትም።