የወይዘሮ አስካለ ጉርሻ

ውፍረት በሕግ በሽታ ከተባለ ወዲህ ወይዘሮ አስካለ የማይወልቅ አምባር ታስሮባቸዋል። ከተፈቀደላቸው ሰዓት ውጪ እጃቸው ወደ ምግብ ከተዘረጋ ይጮኻል። አንዴ ሲጮህ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከደገመ አምቡላንስ መጥቶ ይወስዳቸዋል። ታዲያ ይኼ ጉደኛ አምባር መጉረስንና ማጉረስን አይለይም።

ልጃቸው ናሆም ሙሽራዋን ሜላትን ይዞ የገባ ዕለት ግን እጃቸውን ታጥበው ወደ ገበታው ቀረቡ። ከዶሮው ጠቅልለው ሲያጎርሷት አምባሩ ቤቱን አናጋው።

«ታማሚዋ፣ እጅዎን ይሰብስቡ!» አለ አምባሩ።

«እማዬ፣ በእግዜር ተይ! ይወስዱሻል» አለ ናሆም።

«ወፍራም ነኝ እንጂ መቼ ታመምኩ? እናቴም እንዲሁ ነበረች። እሷን ግን ‹ወፈር አልሽ፣ አማረብሽ› ነበር የሚሏት።»

«እሺ፣ አጎረስሻት። አሁን ይብቃሽ!»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ብለው ከበፊቱ የሚበልጥ ጠቀለሉ። አምባሩ ዳግም ጮኸ። ሜላት እንባዋ እየወረደ አፏን ከፈተች።

ብዙም ሳይቆይ አምቡላንሱ እየጮኸ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። ናሆም ደንግጦ ብድግ አለ። ወይዘሮ አስካለ ግን ከገበታው ንቅንቅ አላሉም።

«ውሃ አቅርብላቸው» አሉት፣ ሌላ ጉርሻ እየጠቀለሉ። «እጃቸውን ታጥበው ይግቡ።»