ቀላሉ ጥያቄ

ማክሰኞ ወንድምየው ልብስ ሰፊዋ እህቱ ቤት ብቅ ብሎ፣ «ከነገ ወዲያ ኮሚቴው ፊት ትቀርቢያለሽ። አይዞሽ፣ የሚጠይቁሽ ቀላል ነው» አላት።

ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ የአእምሮ ሆስፒታል ተኝታ ወጥታለች። መድኃኒቷን አንድ ቀን አታዛንፍም፤ የሠፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም የምትሰፋውም እሷ ናት። ኮሚቴው «ራሷን አትችልም» ካለ ግን ለቤቷም ሆነ ለስፌት መኪናዋ ፈራሚው ወንድሟ ይሆናል። ቤቱን ለመሸጥ ካሰበ ቆይቷል። እሱ እንደሚለው ለእሷው ብሎ ነው።

የኮሚቴው ክፍል ጠባብ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ብርጭቆዎች አልተነሡም፤ ውስጣቸው ስኳር ደርቋል። ጸሐፊዋ «ጽዳቷ አርፍዳብን ነው» ብላ ወደ ዳር ገፋቻቸው።

ሰብሳቢው «ይቀመጡ እርስዎ» አላት በትሕትና።

ተቀመጠች። ዓይኗ ኮቱ ላይ አረፈ። «ጌታዬ፣ የቀኝ እጅጌዎ ከግራው ያጥራል» አለችው።

ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መዘገበች። ወንድምየው «እንዲህ ነች፤ ታገሡልኝ» አለ።

«ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» ሲል ሰብሳቢው ጠየቀ።

«ሐሙስ።»

ሰብሳቢው ዞር ብሎ ከኋላው የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየ። «እርግጠኛ ነሽ?» እርስዎ ማለቱን የተወው እዚህ ላይ ነው።

«ሐሙስ ነው እንጂ።»

«እስቲ ግድግዳውን እዪው።»

አየች። በትልቁ «ረቡዕ» ይላል። ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ ስልኩን አውጥቶ አየና መልሶ ኪሱ ከተተው፤ አቀረቀረ።

ያኔ ስትታመምም የጀመራት እንዲሁ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ለእሷ ብቻ አልታይ እያላት። ፈራች።

«እንግዲያው ረቡዕ ይሁን» አለች ቀስ ብላ። «ተሳስቼ ነው።»

ሰብሳቢው «ቀን አታውቅም፤ በአንድ ቃልም አትጸናም» ብሎ አስጻፈ። ጸሐፊዋ ማኅተሙን መታች። ወንድምየው እህቱን ክንዷን ደግፎ ይዟት ወጣ፤ በሩ ላይ ቁና ቁና ከምትተነፍስ ሴት ጋር ተላለፉ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ስለ ማርፈዷ ይቅርታ ጠይቃ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፤ ከዚያም ጠዋት ጠዋት እንደምታደርገው ረቡዕን ከግድግዳው ገንጥላ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።