የባላባቱ ምድር ቤት

ትልቋ ልጁ ከእሑድ ጀምሮ አኩርፋዋለች። ሊያገባት የፈለገው ሰው የላካቸውን ሽማግሌዎች፣ ሰውየውን በዓይኑ እንኳ ሳያየው፣ «አጥንቱን አጣርተናል፤ አይሆንም» ብሎ መልሷቸዋል። ቤቱ ውስጥ መቀመጥ ሲከብደው ሁለቱን ትንንሽ ልጆቹን ይዞ ሙዚየም ወደሆነው የድሮ ባላባት ቤት ሄደ።

አስጎብኚው ትንሿን በእጇ ይዞ ወደ ምድር ቤቱ አወረዳቸው። ባሪያዎቹ ያድሩበት የነበረው ክፍል መስኮት የለውም። የእግር ብረቶቹ አሁንም ግድግዳው ላይ ናቸው፤ አንዱ ለሕፃን እግር የተሠራ ነበር።

«ሰው እንደ ከብት!» አለ አባትየው ፊቱን አጨፍግጎ። «ኧረ ምን ዓይነት አረመኔዎች ነበሩ? እንዳንተ ያለ ጨዋ ልጅ ነው ይህን ለልጆቻችን መንገር ያለበት። ተባረክ!»

ትንሿ ወደ አስጎብኚው ቀና አለች። «የባሪያዎቹ ልጆች የት ሄዱ?»

«የትም አልሄድንም፤ እዚሁ ከተማ አለን» አላት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረ። «ልመንህ እባላለሁ ጋሼ። እሑድ ሽማግሌ የላክሁት እኔ ነኝ።»

አባትየው የትንሿን እጅ ከልመንህ እጅ መንጭቆ አወጣና በመሐረቡ ጠረገላት።